አንድ ተረፈ፣ አንድ ጎደለ

የአዳራሹ ወንበር ደርዳሪ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ከመታወቂያው ሌላ ግን የሚያስታውሰው የለም። ሰው ሁሉ «ዘጠና አንድ» ነው የሚለው። የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ዘበኛው ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ዘጠና አንድ! እንግዳ መጥቶልሃል!» ብሎ ይጮኻል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ወህኒ ቤት የገባ ይመስለዋል። ባለቤቱ ግን ቅር ሊለው ቀርቶ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚመጣው።

ስሙን ያገኘው ከወንበሮቹ ነው። ለአዳራሹ መቶ የእንጨት ወንበር ታዝዞ ነበር አሉ፤ ዘጠኙ ከመኪና ሲወርዱ እግራቸው ተሰበረና ዘጠና አንድ ቀሩ። እያንዳንዱ ወንበር መደገፊያው ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከ1 እስከ 91። የሰውየው ሥራ እነዚህን መደርደር ነው። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ፈተና፣ በማግስቱ ሠርግ፤ አዳራሹ የማያስተናግደው ጉዳይ የለም፤ ለሁሉም ድርድሩ ይለያያል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ይወጥርና የወንበሮቹን የፊት እግር ሲባጎው ላይ ያስጠጋል። ከዚያ ዳር ይቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ከመስመር የወጣች ወንበር ካገኘ በጉልበቱ ገፋ እያደረገ «አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?» ይላታል።

በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሲባጎም ጉልበትም የማይፈታው ጉድ ገጠመው። ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ደረደረ፤ አንድ ተረፈ። በሦስት ደረደረ፤ አንድ ተረፈ። በአምስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በአሥር ሞከረ፤ ያችው 91 ቁጥር ለብቻዋ ተገትራ ቀረች። በአራትና በስምንት ሲሞክርማ ጭራሽ ሦስት ተረፉ። ግራ ቢገባው ደብተር ገዛና የእያንዳንዱን ሙከራ ውጤት ይጽፍ ጀመር።

የተረፈችውን ወንበር ምን ያድርጋት? ወስዶ በሩ ጥግ አስቀመጣትና ተቀመጠባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታው እዚያ ሆነ። አርፍዶ የሚገባውን በዓይኑ የሚገላምጠው፣ ቀድሞ የሚወጣውን በሳሉ የሚያሳፍረው ከዚያች ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ሁልጊዜ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ 91ን ከጥጓ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሌሎቹ ድርድር የሚያስበው። ሲውል ሲያድር የወንበሯ አራት እግር የጣውላውን ወለል እየበላ አራት ትንንሽ ጉድጓድ አወጣ።

በሰባት የሞከረው ጉልበቱን ያመመው ቀን ነበር። ከጥጉ ሳይነሳ ቁጭ ብሎ ዘበኛውን እያዘዘ አስደረደረ። አሥራ ሁለት ረድፍ ሞላ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ግን ስድስት ወንበር ብቻ ቆመ። «በሰባት፦ አንድ ጎደለ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት አድርጎ አስሞከረ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አሁንም አንድ ጎደለ፤ እሱንም ጻፈ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ማን ይሞክረዋል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ቤት ሁለቱም አንድ ላይ ተገናኝተዋል።

ቁጥሩን መጀመሪያ ጠላው፤ ከዚያ ለመደው፤ በመጨረሻ አፈቀረው። ለገባ ለወጣው ሁሉ ይሰብክ ጀመር። «መቶን እዩት እስቲ» ይላል። «ለሁለት ክፈለው፤ እሺ ጌታዬ! ለአራት፤ እሺ ጌታዬ! ለአምስት፣ ለአሥር፣ ለሃያ፤ እሺ ጌታዬ! የሁሉ አሽከር! ዘጠና አንድ ግን ማን ደፍሮ ይከፍለዋል? ማንም!» ይህን ሲል የገዛ ቁመናው ሁሉ ይስተካከላል። ስለ ወንበር ያወራ ሰው አይመስልም፤ ስለ አያቱ ጀግንነት የሚተርክ ነው የሚመስለው።

አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ንብረት ቆጣሪ መጣ። ቀኑ የወለል ማጠቢያ ቀን ስለነበረ በሩ ጥግ ያለችው 91 ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ተገልብጣ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላለች። ቆጣሪው መነጽሩን አስተካክሎ ቆጠረ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰ፦ «በአዳራሹ ሁለት 16 ቁጥር ወንበር የተገኘ ሲሆን 91 ቁጥር የት እንደገባ በአስቸኳይ እንዲገለጽ።» ወንበር ደርዳሪው ደብዳቤውን ይዞ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደ። ወረቀት ላይ 91 ጻፈና ገለበጠው። ቆጣሪው አየ፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየ፤ ከዚያ በጣም ተበሳጭቶ «ታዲያ ወንበሩን ማን ገልብጥ አለህ?» አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ሰውየው የሠላሳ ስድስት ዓመት ወንደላጤ ሳለ ታላቅ እህቱ እንቅልፍ አልነበራትም። እታለም ነው የሚላት። እታለም በየወሩ አንዲት ሴት አጭታ፣ የሙያዋንና የጨዋነቷን ዝርዝር በቃሏ አጥንታ ትመጣለች። አንድ ቀን ሲባጎ ወጥሮ በሚሠራበት ሰዓት አዳራሹ ድረስ መጣችበት።

«አንተ ሰው፣ ወንበር ስታሰልፍ ልታረጅ ነው? ይህችኛዋ እንዳያመልጥህ፣ እጇ ላይ ያለው ሙያ…»

በዚያች ሰዓት ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል። የአዳራሹን መጋረጃ ልትሰፋ የመጣችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መስኮቱን ትለካለች። በሰው ፊት መነገሩ አናደደው። ሲባጎውን ጥሎ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ስሚ እታለም! እነዚህ ዘጠና አንድ ወንበሮች፣ አንድ ሳይተርፍ፣ አንድ ሳይጎድል፣ በእኩል ረድፍ የቆሙ ቀን አገባለሁ! ከዚያ በፊት ስለ ትዳር ያነሳብኝ ሰው ጠላቴ ነው!»

ዘበኛው ለእንዲህ ያለ ነገር ነፍሱን ይሰጣል። ወዲያው ካርቶን ቀዶ ቃሉን እንዳለ ጻፈውና ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። ልብስ ሰፊዋ ግን ሜትሯን መስኮቱ ላይ እንደዘረጋች ትንሽ ቆማ አሰበች፤ ፈገግ አለችና ልኬቷን ቀጠለች።

እታለም በቁጥር ነገር ደካማ ናት፤ በተንኮል ግን አትታማም። በሳምንቱ ከገዛ ወጥ ቤቷ አንድ ወንበር በጀርባዋ ተሸክማ እያለከለከች ገባች። «በል ጨምረህ ደርድር፤ አሁን ይሞላል!» አለችው። እሱ በኩራት ራሱን ነቀነቀ፤ «ይህ ዘጠና ሁለት ነው እታለም፤ ቃሌ ስለ ዘጠና አንድ ነው።» በሌላ ጊዜ ደግሞ መጥረቢያ ደብቃ ስትገባ ዘበኛው ያዛት። አንዱን ፈልጣ ዘጠና ልታደርገው ነበር። ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ለጎረቤት ማማት ጀመረች።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እሱ የወለደው ስላልነበረ አባባሉን እንደ ልቡ ይጠቅሰው ነበር። ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ልብስ ሰፊዋን ወደዳት።

ሱቋ ከአዳራሹ የውጭ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋ በሩ አጠገብ ነው፤ ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ በቁልፍ የተሞሉ የብርጭቆ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። እሷም እንደ እሱ አላገባችም፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር በአፏ መርፌ ይዛ ስለምትሠራ መልስ አትሰጥም። እሱ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ የበሩን መቃን ይደገፋል። መቀመጫ የለም፤ 91 ደግሞ ከአዳራሹ አትወጣም። እናም ቆሞ ያወራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘበኛው ኩርፊያ፣ ስለ ዘጠና አንድ ጀግንነት። ለመምጣት ምክንያት ያጣ ቀን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይበጥሳል። ሸሚዙ ሰባት ቁልፍ አለው፤ ሰባቱም ተራቸው ደርሷቸው ብዙ ጊዜ ተበጥሰዋል። እሷም አንድ ቀን እንኳ «ምነው ይህ ሁሉ?» ሳትል ትተክልለታለች።

እንዲህ እያለ ቃል ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ንግግራቸው በ«እርስዎ» ተጀመረ፣ በ«እርስዎ» ቀጠለ። ብዙ ጊዜ ሊናገር ከጉሮሮው ደርሶ የዘበኛው ካርቶን ትዝ ይለዋል፤ ይውጠዋል። ቃል ቃል ነው፤ ቁጥሩም ቁጥር ነው፤ ሁለቱም አይከፈሉም። ሰውየው በገዛ ምላሱ ታስሮ እንደዚያ ሸበተ።

ከዕለታት አንድ ሰኞ የአዳራሹ ኃላፊ ጠርቶ ዜናውን ነገረው። አዲስ ባለስፖንጅ ወንበር መጥቷል፤ ወለሉ ላይ በብሎን የሚታሰር፤ ብዛቱ ዘጠና ስድስት። አሮጌዎቹ ዓርብ ጠዋት ተጭነው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ወዳለው መጋዘን ይሄዳሉ። ወንበሩ ከታሰረ ደርዳሪ አያስፈልግምና እሱም የመጋዘኑ ጠባቂ ሆኖ አብሯቸው ይሄዳል።

«ዘጠና ስድስት?» አለ መጀመሪያ፤ ተናዶ። «ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት፣ ለስምንት፣ ለአሥራ ሁለት! እሱ ምን ቁጥር ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ እሺ የሚል!»

ከቢሮው ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ገባው። መጋዘኑ ውስጥ እስከ ጣሪያ ድረስ ነው ዕቃ የሚቆለለው፤ ወንበር መደርደሪያ ቦታ የለም። ዓርብ ካለፈ ቃሉ የሚፈጸምበት ቀን አይኖርም። የሚደገፈው መቃንም አይኖርም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አይከፈልም ብሎ ሲመካበት የኖረውን ቁጥር አራት ቀን ውስጥ ከፍሎ መገኘት አለበት። አይከፈልም ደግሞ! ማን እንደ እሱ ያውቃል?

ቢሆንም ሞከረ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ዘበኛውን ጠርቶ አዲስ ድርድር ጀመረ። 91ን ከፊት ለብቻዋ አስቀመጠና ተቀመጠባት። ከኋላው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት እያስባለ ወደ ኋላ አስደረደረ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ልክ አሥራ ሦስት ቆመና ወንበሩ አለቀ። አንድም አልተረፈ! ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ያለው ቁጥር ሲደመር ለካ ዘጠና አንድ ነው። ከፊት እንደ መሪ አውራ ተቀምጦ ጮቤ ረገጠ።

ዘበኛው ካርቶኑን አምጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «አንድ ሳይተርፍ፤ ልክ ነው። አንድ ሳይጎድል፤ ልክ ነው። በእኩል ረድፍ…» ብሎ ቀና አለ። «አንድና አሥራ ሦስት እኩል ነው እንዴ፣ ዘጠና አንድ?»

«አይደለም» አለ ሰውየው። ውሸት አይሆንለትም።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ እታለም ቤት ሄደ። ሻይ ቀርቦ እሱ አልጠጣም፤ የስኳሩን ፓኬት ገልብጦ እንደ ጡብ የተቆራረጠውን ስኳር ጠረጴዛው ላይ ይቆጥር ጀመር። ዘጠና አንድ ለየ። በሦስት በሦስት፣ ሦስት ፎቅ አድርጎ ካበ፤ ሃያ ሰባት ሄደ። በቀረው በአራት በአራት፣ አራት ፎቅ አድርጎ ካበ፤ ስልሳ አራት። ሁለት ሙሉ ቤት ቆመ፤ አንድ ስኳር አልተረፈም፣ አንድ አልጎደለም። አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህ ቁጥር ለሁሉም ነገር እሺ ይላል፤ ለእሱ ረድፍ ብቻ ነው እምቢ የሚለው!

እታለም ከትልቁ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ስኳር አንስታ ሻይዋ ውስጥ ጨመረች። «ሁለት ቤት ሠራህ አሉ» አለችው እያማሰለች። «የምትገባበት አንድ እንኳ ሳይኖርህ።» እስከ ዛሬ ብዙ ተናግራዋለች፤ እንደዚህ የወጋው የለም።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው። 91ን አዳራሹ መሐል አስቀምጦ ተቀመጠና ዘበኛውን በዙሪያው እንዲደረድር አዘዘው። መጀመሪያ ስድስት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት፣ በመጨረሻ ሠላሳ። ዘጠናው ወንበር በአምስት ክብ ዙሪያውን ገጠመ። ባዶ ቦታ የለም፣ ትርፍ የለም።

«ያምራል» አለ ዘበኛው ከዳር ቆሞ። «ረድፍ ግን አይደለም፤ ክብ ነው። ደግሞስ እንዴት ልትወጣ ነው?»

እውነትም መውጫ አልተወም። በአምስት ዙር ወንበር ታጥሮ መሐል ቁጭ ብሏል። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ጉልበት ወንበር ለመዝለል አልተሠራም፤ አንዱን ተሻግሮ ሁለተኛው ላይ ሱሪው ተያዘ፤ ሦስተኛው ላይ ሸሚዙ ተጠለፈ፤ ጠብ ብሎ አንድ ቁልፍ በረረ። ዘበኛው በሳቅ ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ወድቆ የተንከባለለውን ቁልፍ በእንብርክክ ፈልጎ አገኘና ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ።

ቁልፉን ተቀብላ ክሩን አየች። «ዛሬስ ምን አገኘው?»

«ዛሬ በእውነት ነው የተበጠሰው» አላት። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያወቀው።

«የሌላ ቀኑንም አውቃለሁ» አለች መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች። «የተበጠሰ ክርና በመቀስ የተቆረጠ ክር እኔ አይለይልኝም ብለው ነው?»

ፊቱ ቀላ። ሸሚዙን እንደለበሰው ቁልፉን ልትተክልለት ጠጋ አለች። ካሁን በኋላ የሚያፍርበት ነገር የቀረው አልመሰለውም።

«ነገ ወንበሮቹ ይሄዳሉ፤ እኔም እሄዳለሁ» አለ። «ቃል ገብቼ ነበር፤ እርስዎም ሰምተዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርኩ፤ ቁጥሩ እምቢ አለ። እና… ቃሌን ልበላ ነው የመጣሁት። ቃለ አባይ ይበሉኝ፤ ዘበኛው ካርቶኑን አደባባይ ይስቀለው። ዘጠና አንድ ተከፈለም አልተከፈለም፣ እኔ እርስዎን ማግባት ነው የምፈልገው። ይኸው ነው።»

እሷ ስፌቱን አላቋረጠችም። ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ደብተሩን ያሳዩኝ እስቲ» አለች።

ገጹን ገልጣ አነበበች። በሁለት፦ አንድ ተረፈ። በሦስት፦ አንድ ተረፈ። በአምስት፦ አንድ ተረፈ። በስድስት፦ አንድ ተረፈ። በሰባት ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከአፏ ወጣ። ደብተሩን ዘጋችና «ይከተሉኝ» ብላ ወደ አዳራሹ ሄደች።

ዘበኛው ክቡን አፍርሶ ወንበሮቹን ዳር እንዲያወጣ አደረገች። ሰውየው እንደ ልማዱ መጀመሪያ 91ን አንስቶ ከበሩ ጥግ አራቱ ጉድጓድ ላይ አስቀመጠና ተቀመጠባት። እሷ ራሷ ሲባጎውን ወጠረች። ሰባት ወንበር፣ አንድ ረድፍ። ሰባት ወንበር፣ ሁለት ረድፍ። እሷ ትለካለች፣ ዘበኛው ይሸከማል። አሥራ ሁለት ረድፍ ሞላ። አሥራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አምስት፣ ስድስት… ወንበሩ አለቀ።

«አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ ሰውየው ከተቀመጠበት። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነውና ድምፁ የድል ድምፅ ነበር። «አንድ ጎደለ! ደብተሩ አይዋሽም!» ከዚያ መጉደሉ የሚጎዳው ራሱን እንደሆነ ትዝ አለውና ድምፁ ሟሸሸ።

ልብስ ሰፊዋ በረድፎቹ መሐል አልፋ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ተነሥ» አለችው።

ሃያ ሁለት ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት «ተነሥ» ስትለው የሚያደርገው ጠፍቶት ቀጥ ብሎ ቆመ። ወንበሩን ከሥሩ ወሰደችው። ተሸክማው ሄደችና ከአሥራ ሦስተኛው ረድፍ ክፍት ቦታ ላይ፣ ሲባጎው ላይ አስጠግታ አስቀመጠችው። በጉልበቷም ገፋ አደረገችው።

ዘበኛው ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ትርፍ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ጎደሎም የለም።»

ሰውየው ከጥጉ ቆሞ ረድፎቹን አየ፤ አራቱን ጉድጓድ አየ። ያን ሁሉ ዘመን ተረፈ ሲለው የነበረውና ጎደለ ሲለው የነበረው አንድ ወንበር ነው፤ እሱ ራሱ ተቀምጦበት። አፈረ፤ ሳቀ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«መቼ አወቅሽው?» አላት። እሱም ወደ አንቺ መግባቱን ልብ አላለም።

«ቃል የገባህ ቀን፤ እዚያ መስኮት ላይ» አለች። «ያን ሳምንት የአሥራ ሦስት አስተናጋጆች ሸሚዝ ይዤ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰባት ቁልፍ። ዘጠና አንድ ቁልፍ ቆጥሬ አስቀምጫለሁ። አንድ አልተረፈኝም፣ አንድ አልጎደለኝም።»

«ሃያ ሁለት ዓመት! ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

«ሰው እንዲጠይቀኝ ነበር የፈለግኩት እንጂ ወንበር እንዲጠይቀኝ አይደለም። ደግሞ አገባለሁ አልክ እንጂ ማንን እንደሆነ መች ተናገርክ? ያኔ ነግሬህ ቢሆን እህትህ ሙሽራ ሰባት ሰባት አድርጋ በአሥራ ሦስት ረድፍ ታሰልፍልህ ነበር።»

ዘበኛው ካርቶኑን ሊያወርድ ሮጠ፤ በዚያው ለእታለምም ደወለላት። እታለም እልልታዋን ከመንገድ ጀምራ ደረሰች፤ ስልኩ ላይ ምን እንደሰማች እንጃ፣ የወጥ ቤቷን ወንበር በጀርባዋ ተሸክማለች። እስክትደርስ ድረስ ሁለቱ አሥራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። በሩ ጥግ መቀመጫ ስላልነበረ እሱ ረድፉ ውስጥ ገባ፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። እሷ ከጎኑ ያለችው ላይ ተቀመጠች፤ 16 ቁጥር ነበረች።

ዓርብ ጠዋት መኪናው ሰማንያ ዘጠኝ ወንበር ጭኖ ሄደ። ሁለቱን ኃላፊው «ለትዳራችሁ» ብሎ ሰጣቸው። ሰውየው አሁን መጋዘን ጠባቂ ነው። መጋዘኑ ለካ ሰፊ ግቢ አለው፤ ሥራ የቀለለ ቀን ሰማንያ ዘጠኙን ከቁልሉ አውርዶ እዚያ ይደረድራቸዋል። በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት ሞክሯል፤ በሁሉም ወይ ይተርፋል ወይ ይጎድላል። ቆሞ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ስህተት የለበትም። እውነተኛው የማይከፈል ቁጥር ይህ ነው፤ እሱ ግን አይኮራበትም፣ ለማንም አይሰብክም። ሥራ ማብቂያው ሲደርስ መጋዘኑን ቆልፎ፣ አውቶቡስ ይዞ፣ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቤታቸው ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ነው። 91 የእሱ ናት፣ 16 የእሷ። ወለሉ የሚታጠብ ቀን ሁለቱንም ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ይሰቅሏቸዋል፤ ያን ጊዜ 91ዷ 16 ትሆናለች፣ 16ቷም 91። ወለሉ እስኪደርቅ ቆመው ሲጨቃጨቁ የትኛዋ የማን እንደነበረች ይጠፋባቸውና፣ ያወረዱት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።